በድንጋይና በድንጋይ መካከል

ዮርክ፣ እንግሊዝ አገር
ነሐሴ 3 ቀን 1963 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ ለአቶ ውብነህ አድማሱ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? እማዬስ እንዴት ናት? ከተለያየን ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላም፤ ለእኔ ግን ሁለት ክረምት ያለፈ ይመስለኛል። ከለንደን ሳልጽፍ በመቅረቴ ይቅር ይበሉኝ። ያደርኩት ሁለት ሌሊት ብቻ ነው፤ እሱንም ሻንጣዬን እንደ ሕፃን ታቅፌ ነው።

እኔ ደህና ነኝ። እማዬ እንዳትጨነቅ ብዬ አይደለም፣ የእውነት ደህና ነኝ። የመንገዱን ጉዳይ የጨረሱልን ሰዎች ግን ከሁለት ወር በላይ አስቀድመው ነው የላኩኝ። ዩኒቨርሲቲው ዝግ ነው። ዘበኛው ወረቀቴን አገላብጦ አየና ትምህርት የሚጀመረው በእኛ አቆጣጠር መስከረም ሠላሳ መሆኑን ነገረኝ። ታዲያ እስከዚያ ምን ልሥራ ብዬ ብጠይቀው፣ ከተማ አለልሽ አይደል እንዴ፣ እሱን ዙሪ ብሎ በሩን ዘጋ።

ያረፍኩት ሚስስ ጋርበት የሚባሉ ባልቴት ቤት ነው። ቸኮላታ ፋብሪካ ውስጥ አሻጊ ናቸው። ነፋሱ በፋብሪካው በኩል ሲመጣ ከተማው በሙሉ ቸኮላታ ቸኮላታ ይሸታል። የፍልሰታ ጾም ሲገባ፣ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ሥጋም፣ ወተትም፣ ቅቤም፣ ዕንቁላልም አልበላም አልኳቸው። እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው «ታዲያ ምን ቀረ?» አሉኝ። ድንች ቀርቷል አልኳቸው። ይኸው ሦስት ቀን ድንች ነው፤ ተቀቅሎ፣ ተጠብሶ፣ ተደቁሶ።

ሌላው ያስደነገጠኝ፣ እዚህ አገር ሰው ሁሉ «የኔ ፍቅር» ነው የሚባባለው። አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጩ «ወዴት ነሽ የኔ ፍቅር?» ቢለኝ ፊቴን አጥቁሬ ወረድኩና የቀረውን መንገድ በእግሬ ሄድኩ። ለሚስስ ጋርበት ስነግራቸው ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ለአሮጊቷም፣ ለፖሊሱም፣ ለፈረሱም የሚባለው ይኸው ነው አሉኝ። የከተማው ሰው ነገር መገልበጥ ይወዳል መሰለኝ፤ መንገዱን «በር» ይሉታል፤ በሩን ደግሞ «መቀርቀሪያ» ይሉታል። መጠጥ ቤቱንስ ምን ትሉታላችሁ ብላቸው፣ «ባሌ በሕይወት ሳለ ‹ቤቴ› ነበር የሚለው» አሉኝ።

ጎንደር አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል በመስኮት የጠየቁኝን አልረሳሁም። አዎ፣ ግንብ አላቸው። ከተማውን ዙሪያውን ይከበዋል፤ ሰው በላዩ ይሄድበታል። እኔም ከጠዋት እስከ ምሳ ሄድኩበት። ድንጋዩ ወደ ማር የሚያደላ ነጭ ነው። ከሥር ያለው ትልልቅ ነው፣ ወደ ላይ እያነሰ ይሄዳል። ከላዩ ሆኜ የሰዉን ጓሮ ሁሉ አየሁት፤ የተሰጣ ልብስ፣ ጎመን፣ ጋሪ ውስጥ የተኛ ሕፃን። ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከየትኛውም መንገድ ጫፍ ብቅ ይላል፤ ሰው ቢጠፋበት ቀና ብሎ እሱን አይቶ ይመለሳል። እስካሁን አራት ጊዜ ጠፍቻለሁ፤ አራቱንም ጊዜ ደስ ብሎኛል።

እማዬን ይሳሙልኝ።

ልጅዎ ትርንጎ


ጎንደር
ነሐሴ 14 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለልጄ ለትርንጎ፣

የሰው አገር ሰው ዓይን ውስጥ ሞገስ ይስጥሽ። ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰን። እኔ አነበብኩ፣ እናትሽ አለቀሰች፣ ቀጥላ ሳቀች፣ እንደገና አንብብልኝ አለች። እስከ ዛሬ ጠዋት አራት ጊዜ አንብቤያለሁ። ድንቹ ጋ ስደርስ ሁልጊዜ ታስቆመኝና «ሽሮ ይዛ ሂጂ ብያት ነበር» ትላለች።

ስለ ትኬት ቆራጩ ሚስት ያለውና የሌለው እንደሆነ ጠይቂልኝ ትላለች። ይህን እኔ አልጽፍም ብያት ነበር፤ ካልጻፍክ ከዚህ አልነሣም ብላ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ ስለዚህ ጻፍኩ።

ስለ ግንቡ ያልሽው ደስ አሰኝቶኛል። ነገር ግን ልጄ፣ ዋናውን ተውሽው። ድንጋይማ ማንም ያየዋል። በድንጋይና በድንጋይ መካከል ያለው ምንድን ነው? ኖራ ነው ወይስ ሲሚንቶ? ተጠጊና በጥፍርሽ ጫሪው። ዱቄት ቢሰጥሽ ኖራ ነው፤ ጥፍርሽን ቢሰብረው ሲሚንቶ ነው። ሁለቱም ካለ ደግሞ በየትኛው በኩል ያለው ድንጋይ እንደተጎዳ አስተውለሽ ጻፊልኝ። የዚያ አገር ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ግንብ የሚጠብቁ ናቸውና ያውቁታል።

ቶሎ ጻፊ ማለቴ ለሌላ ነገር አይደለም። ጉልበቴን ትንሽ ስላመመኝ ቤት ነው የምውለው፤ የሚያነበው ያጣ ሰው የማይጠይቀው የለም። ክረምትም ነው።

እናትሽ እዚህ ላይ የምትጨምረው ነገር የላትም።

አባትሽ ውብነህ አድማሱ


ዮርክ
ነሐሴ 24 ቀን 1963 ዓ.ም.

ውድ አባቴ፣

ሰላምታዬ እርስዎም እማዬም ያላችሁበት ድረስ ይድረስ። ትኬት ቆራጩ ሚስትም አምስት ልጆችም አሉት፤ እማዬ ትረፍ። አሁን «የኔ ፍቅር» ሲለኝ እኔም «ደህና ዋልክ» እለዋለሁ።

እንዳዘዙኝ ግንቡን ጫርኩት። አንደኛው በር ጋ ግንበኞች መወጣጫ ፖንቴ ተክለው እየጠገኑ ነበር። እኔ ደግሞ ሰው የሚያየኝ አልመሰለኝም፤ ተጠግቼ ስጭር ከላይ አንድ ሽማግሌ «አንቺ ልጅ! ግንቡን ልትበይው ነው?» አለ። አፍሬ መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ። አባቴ ነው ያዘዘኝ አልኩት።

«አባትሽ ማነው?»

«ግንበኛ ነው። ጎንደር የሚባል አገር።»

«ግንበኛ ከሆነ በሰው ጥፍር ለምን ያስጭራል?»

ይህን ብሎ ግን ወረደ። ስሙ ሚስተር ኦልድሮይድ ነው፤ የግንበኞቹ አለቃ ነው። በእርስዎ ዕድሜ ይሆናል፤ ጉንጩ ላይ የኖራ ብናኝ አለ፣ እርስዎ ላይ እንዳለው። የእርስዎን ጥያቄ አንድ በአንድ ተርጉሜ ነገርኩት። ሳቁን ተወና ግንቡን እያሳየኝ ዞረ፤ ሻይም ሰጠኝ፣ ስኳሩ የሚያጣብቅ።

መልሱ ይኸውልዎት። የጥንቱ ሁሉ ኖራ ነው። በአያቱ ዘመን ግን ሲሚንቶ የተባለ ተአምር መጣ ተብሎ ብዙውን ቦታ በሲሚንቶ ሞሉት። እሱ ዕድሜውን የፈጀው ያንን በመሮ ሲያወጣና መልሶ በኖራ ሲሞላ ነው። የነገረኝን ቃል በቃል ልጻፍልዎት፦ «ሲሚንቶ ክፉ ነገር አይደለም፤ ድልድይ ሥሪበት። አሮጌ ግንብ ግን ይተነፍሳል። የጠጣውን ውኃ የሚተፋው በመጋጠሚያው ነው። አፉን ከደፈንሽበት በቆዳው ልተንፍስ ይላል፤ ያን ጊዜ ቆዳው ይላጣል።»

እውነቱን ነው። ኖራ ያለበት ድንጋይ ፊቱ ደህና ነው። ሲሚንቶ ያለበት ግን ሲሚንቶው ቆሞ ድንጋዩ ወደ ውስጥ ተበልቷል። ከዚያ ከወጣው ሲሚንቶ አንድ ጭብጥ የሚያክል መርጦ፣ ጀርባው ላይ የድንጋዩ ቆዳ እንደተጣበቀ፣ ለአባትሽ ላኪለት ብሎ ሰጠኝ። ፖስታ ቤት ወስጄ አስመዘንኩት። ጸሐፊዋ ውስጡ ምንድን ነው አለችኝ፤ ድንጋይ አልኳት። ዋጋውስ? ዋጋ የለውም። ለማን ነው? ለግንበኛ። ቀና ብላ አየችኝና ማኅተሟን መታች። በአውሮፕላን አይደለም፣ ይዘገያል፤ ይጠብቁት።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅዎት። አባዬ፣ ጉልበትዎን አሞዎት አያውቅም። ክረምትም ሲሆን ዳሱ ሥር ተቀምጠው ድንጋይ ይጠርባሉ እንጂ ቤት አይውሉም። እማዬም የምትጨምረው አጥታ አታውቅም። ቤት ያዋለዎት ምንድን ነው?

ልጅዎ ትርንጎ


ዮርክ
መስከረም 9 ቀን 1964 ዓ.ም.

ውድ አባቴ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ። የጳጉሜ አምስቱ ደብዳቤዎ ዓርብ ደረሰኝ፤ ወንዙ ዳር አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ስለዚህ ጉልበት አልነበረም። አዲሱ መሐንዲስ የደብሩን በር ቅስት፣ ያንን ቀይ ለስላሳ ድንጋይ፣ በሲሚንቶ ሙሉት ባለ ጊዜ እርስዎ «ይህን እጄ አይሠራውም» ብለው ጭቃ ማንሻ ካዞላዎን አስቀምጠው ወርደዋል። ያ የሆነው በሰኔ ነው። እኔ የሄድኩት በሐምሌ ነው። ታዲያ በየማለዳው የሥራ ልብስዎን ለብሰው፣ መሣሪያዎን አንግተው ይወጡ የነበረው እኔ እንዳላውቅ ነው? ሙሉ ቀን ቀሐ ወንዝ ዳር ተቀምጠው፣ ማታ ልብስዎን አቧራ አስነክተው ይመለሱ ነበር?

ይቅርታ ጠይቀውኛል። አልቀበልም፤ ይቅርታ የሚያስፈልገው ነገር አልሠሩም። ባውቅ ኖሮ አልሄድም ነበር፤ እርስዎም ያውቁታል። አንድ ነገር ብቻ ከፍቶኛል፤ ያን ሁሉ ቀን ምሳዎን ብቻዎን መብላትዎ።

ለሚስተር ኦልድሮይድ ነገርኩት። ደብቀሽ ያዢ አላሉኝማ። ፒፓውን ጠረገና «ለአባትሽ ጻፊለት» አለ። «እምቢ ማለት የማይችል ግንበኛ፣ ግንበኛ ሳይሆን ተሸካሚ ነው።»

የጠየቁኝን በተራ ልመልስ። ኖራውን ውኃ አጠጥተው ጉድጓድ ውስጥ የሚያቆዩት አንድ ዓመት ነው። የእርስዎ ሦስት ዓመት ነው ብላቸው ሁሉም ሳቁ። ሚስተር ኦልድሮይድ ግን መሳቁን ቶሎ አቆመና «የምርሽን ነው፣ ሦስት?» አለ። በሥራ ቀን አይጠጣም። ሲሠራ ያንጎራጉራል፤ ድምፁ ግን እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ነው። አዎ፣ ከነፋስ ለመከለል እነሱም እርጥብ ጆንያ ያለብሱታል፤ ይህን ስነግረው «እንግዲህ አባትሽን አውቀዋለሁ ማለት ነው» አለ።

አዲስ ዓመትን ብቻዬን አልዋልኩም። እሑድ ላይ ስለዋለ ሚስስ ጋርበት እህታቸውን ጠርተው የበሬ ሥጋ በምድጃ ጠበሱ። ከሥጋው ጋር ከዱቄትና ከዕንቁላል የሚጋገር፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ያበጠ ነገር ይበላሉ፤ መረቅ ይሞላበታል። «ዛሬስ ሁሉን ትበያለሽ?» አሉኝ። ሁሉን እበላለሁ አልኩ፤ አራት በላሁ። እህትየው እጃቸውን አጨበጨቡ። ድንች ቀርቦ ነበር፤ አልነካሁትም።

ዕቃው ሲደርስ ይንገሩኝ። ደግሞስ ለመሐንዲሱ ያሳዩታል? አላሳይም እንደሚሉ አውቃለሁ፤ ግን ያሳዩት።

ልጅዎ ትርንጎ


ጎንደር
መስከረም 19 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለልጄ ለትርንጎ፣

ጤናሽን ያብዛልኝ። ይህን ደብዳቤ ብዕሩን በጣቴ ጫፍ ይዤ ነው የምጽፈው፤ ቀኝ እጄ ውኃ ቋጥሯል። ለምን እንደቋጠረ ከመጨረሻው እንዳልጀምር እናትሽ በተራው ንገራት ትላለች።

ድንጋይሽ መስከረም አስር ደረሰ። ከፈታሁት በኋላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ቁጭ ብዬ ሳየው ዋልኩ። የማላውቀው ሰው፣ በማላውቀው አገር፣ የእኔን ነገር በእጄ ላይ አስቀምጦልኛል። ለመሐንዲሱ ግን አልወስድም አልኩ። እሱ ከፈለገኝ ይምጣ፤ እኔ የሰው ደጅ አልጠናም አልኩ። ሦስት ቀን ጠረጴዛው ላይ ቆየ። በአራተኛው ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የለም።

እናትሽ በነጠላዋ ቋጥራ ይዛው ሄዳለች። ግማሹን ብቻ ነው የነገረችኝ፤ ሌላውን የነገሩኝ ጠራቢዎቹ ናቸው። መሐንዲሱ፣ ልዑልሰገድ ይባላል፣ ገና ሠላሳ ያልሞላው ልጅ ነው፣ ዳሱ ሥር ሥዕሉን ዘርግቶ ቆሟል። እሷ ድንጋዩን ሥዕሉ ላይ ቁጭ አደረገችለት።

«ልጄ ከእንግሊዝ አገር የላከችው ነው። አንብበው» አለችው።

«እሜቴ፣ ይህ ድንጋይ ነው። ምኑ ይነበባል?»

«ጀርባውን አዙረህ አንብብ።»

አዞረው። ቆዳውን በጣቱ ነካው። የዚያ አገር በረዶ ነው እንዲህ የሚያደርገው፣ እዚህ በረዶ የለም አላት። እሷም እኔ ስለ በረዶ አላውቅም፣ ጣሊያን በሲሚንቶ የጠጋገነው ቦታ በቅጥሩ በስተ ጀርባ አለ፣ ልጅ ሆኜ ሲሠሩት አይቻለሁ፣ በረዶ መኖሩን ሄደህ እሱን ጠይቅ ብላ ድንጋዩን ትታለት መጣች። ማታ ይህን ስሰማ ተቆጣሁ። እሷም «ተቆጣ፤ እራትህ ግን እንዳይቀዘቅዝ» አለችኝ።

በማግሥቱ ልጁ ራሱ መጣ። በእግሩ ነው የመጣው፣ ጭቃው እስከ ጉልበቱ ነው። አብረን እንድንሄድ ለመነኝ። ሄድን። በስተ ጀርባ ያለውን ጥገና በመዶሻዬ እጀታ መታ መታ ሳደርገው እንደ ባዶ ቅል ጮኸ። መሮ አስገብቼ ብነቀንቀው ግራጫው ሲሚንቶ ተፈንቅሎ እጄ ላይ ወደቀ፤ ጀርባው ላይ የቀዩ ድንጋይ ቆዳ ሙሉውን ተጣብቆበታል። ልጁ ያንቺን ከኪሱ አወጣ። ሁለቱን ጎን ለጎን ይዞ አገላበጣቸው።

ቀጥሎ ያለኝን እጽፍልሻለሁ፤ እንዲህ የሚል ሰው ብዙ ስላላየሁ። «ጋሼ ውብነህ፣ ተሳስቻለሁ። እኔ የተማርኩት አዲስ ቤት መሥራት ነው። አሮጌ ቤት አላስተማሩኝም። ያስተምሩኛል?»

ምን ብዬ እንደመለስኩለት አልነግርሽም። ያሳፍረኛል። እናትሽ ብትጠይቂያት ትነግርሽ ይሆናል።

ክረምቱ ስላስቆማቸው የገባው ሲሚንቶ ጥቂት ነው፤ እሱን በመሮ አውጥተን ጨረስን፤ ከቅስቱ የተጎዳው ሁለት ድንጋይ ብቻ ነው። ትናንት፣ የመስቀል ማግሥት፣ የመጀመሪያውን ኖራ አስገባን፤ ያንን ሦስት ዓመት የቆየውን። ሦስት ወር ያረፈ እጅ እንደ ወይዘሮ እጅ ይለሰልሳል፤ ለዚህ ነው የቋጠረው። ልጁ እጅጌውን ጠቅልሎ ጆንያ ሲያረጥብልኝ ዋለ። ሚስተር ኦልድሮይድን የሚጠይቀው አሥራ አንድ ጥያቄ አለው፤ በሌላ ወረቀት አስገብቼልሻለሁ። እሱን ስለ እኔ ሰላም በይው። ለኖራው አንድ ዓመት አይበቃም፣ ይጨምር በይው።

ትምህርትሽ ሊጀመር ነው። ልብሽን ወደሱ አድርጊ እንግዲህ። የጠየቅሁሽን ሁሉ መልሰሻል።

አባትሽ ውብነህ አድማሱ


ዮርክ
መስከረም 29 ቀን 1964 ዓ.ም.

ውድ አባቴ፣

ነገ ትምህርት ይጀመራል። ከተማው በአንድ ሳምንት ውስጥ ተማሪ በተማሪ ሆነ፤ ሁሉም ካርታ ይዞ እየዞረ መንገድ ይጠይቀኛል፣ እኔም እንደ አገሬ ሰው አሳያለሁ። ትናንት አንዷን «በዚህ ታጠፊ የኔ ፍቅር» ብያት በራሴ ሳቅሁ። ለእማዬ አይንገሯት።

ደብዳቤዎ ሐሙስ ደረሰኝ። እየሮጥኩ ነው ወደ በሩ የሄድኩት። ግንበኞቹ ፖንቴው ላይ አስቀመጡኝና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። እማዬ ድንጋዩን ሥዕሉ ላይ ያስቀመጠችበት ጋ ስደርስ አንዱ ግንበኛ ባርኔጣውን ወደ ላይ ወረወረ፤ ነፋስ ወስዶት ወንዝ ገባ። ስጨርስ ሚስተር ኦልድሮይድ አፍንጫውን ጠረገና እንደገና ያችን አንብቢያት አለኝ፤ መሐንዲሱ «ያስተምሩኛል?» ያለባትን። አነበብኩለት። አሥራ አንዱን ጥያቄ በእርሳስ እየመለሰው ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት እልካለሁ። ኖራ ሦስት ዓመት የሚቆይበት ጉድጓድም ዓርብ ማለዳ ቆፍረዋል። በላዩ ሰሌዳ አቁመው የእርስዎን ስም ጽፈውበታል፤ ፊደሉን ግን ተሳስተዋል።

አሁን እኔም የደበቅሁት አለ።

እነዚህን ሳምንታት ሁሉ የነገርኩዎትን ያህል ከተማ ስዞር አልዋልኩም። መጀመሪያ ሻይ አቀብል ነበር፤ ኋላ ጆንያ አረጥብ ነበር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ከትምህርት በፊት የመጨረሻ ቀኔ ስለሆነ፣ ሚስተር ኦልድሮይድ ካዞላውን ሰጠኝና በበሩ ቀኝ በኩል አንድ ድንጋይ አሳየኝ። «እስኪ ይህን ሙዪልኝ» አለ። ሊያስቀኝ ነበር መሰለኝ።

ድንጋዩን አረጠብኩት። የኖራውን ጭቃ ትንሽ ትንሽ እያደረግሁ ከውስጥ ወደ ውጭ ጠቀጠቅሁት፤ ፊቱን አላሻሸሁትም፣ እስኪጠነክር ጠብቄ በእንጨት ጫፍ መታ መታ አደረግሁት። ቀና ስል ግንበኞቹ ሥራቸውን ትተው ያዩኛል። ሚስተር ኦልድሮይድ ጎንበስ ብሎ መጋጠሚያውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ከላይ እስከ ታች ዳሰሰው።

«ይህን እኔ አላሳየሁሽም። ማን አስተማረሽ?»

አባቴ አልኩት። ከዚያ ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ነገርኩት። ልጅ ሆኜ ምሳ ሳመጣልዎት፣ እርስዎ በልተው ጥላው ሥር ጋደም ሲሉ፣ እኔ ፖንቴው ላይ እወጣ ነበር። ሴት ልጅ ከዚህ ምን አላት ብለው ሁለት ጊዜ አውርደውኛልና እስኪተኙ ነበር የምጠብቅዎት። ካዞላዎን አንሥቼ፣ ጠዋት ሲያደርጉ ያየሁትን አደርግ ነበር። በደብሩ ቅጥር በምሥራቅ በኩል፣ ከታች ሦስተኛው ረድፍ፣ ከሾላው ትይዩ ያሉት አራት መጋጠሚያዎች የእርስዎ አይደሉም። የእኔ ናቸው። በሐምሌ ከመሄዴ በፊት ሄጄ አየኋቸው፤ አንዱም አልተነቀነቀም።

ሚስተር ኦልድሮይድ ይህን ሰምቶ ወደ ድንጋዩ፣ ወደ እኔም አየ።

«አባትሽ ማስተማሩን ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እንግዲያ ንገሪው» አለኝ።

ይኸው ነገርኩዎት።

ልጅዎ ትርንጎ